ባርኔጣዬን ያነሣሁ ዕለት

የእህቴ ልጅ ለገና ከቨርጂኒያ መጣ። ሻንጣው ሁለት፣ ዕረፍቱ ስድስት ሳምንት፣ ምስጢሩ አንድ ነበር። ሻንጣዎቹን እናቱ በመጣ ማግሥት እስከ ታች በርብራ ስላጠፈቻቸው ለምስጢሩ ማደሪያ ጠፋ። ስለዚህ እኔ ቤት ይዞት መጣ።

«ጋሼ፣ ላገባ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሰይ! ልጅቷስ ምን አለች?»

«እሷ አታውቅም።»

አልደነገጥኩም። እናቴ የራሷን ሠርግ ያወቀችው በአፍንጫዋ ነው። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ከጓሮ ጌሾ ሸተታት። ሰፈሩ ውስጥ ተዝካር የለ፣ ክርስትና የለ፤ ታላቅ እህቷ ተድራለች፣ ታናሿ ገና ጡት አልጣለችም። የቀረውን ሒሳብ ቆማ ሠራችና እንስራዋን አውርዳ እንደ ወጉ አለቀሰች። እንግዲህ ሙሽራዋ ሳታውቅ ሠርግ መደገስ ለቤታችን ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነብኝ ልጁ ሊያሳውቃት ያሰበበት መንገድ ነው።

«ሰርፕራይዝ ነው የማደርጋት» አለና ስልኩን አወጣ።

አንዱ ፏፏቴ ሥር ነው፣ አንዱ ፊኛ ላይ ተሰቅሏል፣ አንዱ ባሕር ዳር በቁምጣ ነው። ሁሉም አንድ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው ትንሽ ሣጥን ከፍተው ይዘዋል። አንዲት ቻይናዊት ጠላቂ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. የሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የብር ሜዳሊያዋን ገና አንገቷ ላይ ከማጥለቋ፣ እሱም ጠላቂ የሆነው ወዳጇ ቀለበት ይዞ እፊቷ ዱብ አለ። ሴቶቹ በሙሉ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል።

«ሁሉንም ጥርሳቸውን ነው እንዴ የሚያማቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለኝ።

ከሁሉም በላይ ልቡን የወሰደው የእንግሊዙ ልዑል ዊልያም ነበር። ልዑሉ በ2010 እ.ኤ.አ. ወዳጁን ኬት ሚድልተንን ይዞ ኬንያ ለዕረፍት ሄደ። የሟች እናቱን የዲያናን ቀለበት ሦስት ሳምንት ያህል በጀርባ ቦርሳው ተሸክሞ ሲዞር ቆይቶ እዚያ ኬንያ ተራራ ግድም አውጥቶ ጠየቃት።

«አየህ ጋሼ? አፍሪካ ውስጥ ነው!»

«ለሱማ አፍሪካ ዕረፍት ናት። አንተ አፍሪካ የመጣኸው እናትህ በስልክ እያለቀሰች ስላስቸገረችህ ነው» አልኩት። ለነገሩ የልዑሉ አያት ኤልሳቤጥም አባታቸው ሞተው ንግሥት የሆኑት በ1952 እ.ኤ.አ. ኬንያን ሲጎበኙ ነው። ቤተሰቡ ኬንያ ብቅ ባለ ቁጥር አንድ ያልታሰበ ነገር ይዞ ይመለሳል። እኛ ያልታሰበ ነገር ደጃችን ድረስ ስለሚመጣልን ለትራንስፖርት አናወጣም።

የልጁ ዕቅድ አርባ ምንጭ ነበር። የእግዜር ድልድይን መርጧል። በአንድ በኩል ዓባያ ቡናማ ሆኖ፣ በሌላው ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሊንበረከክ። ቦታው ውብ ነው፤ ስሙም ለጉዳዩ ይመጥናል። ችግሩ ልጅቷን እዚያ ድረስ ማን ይለቅለታል? እናቷ ገና ወሬው ሲሸታቸው «ሳይጋቡ ሽርሽር?» ብለው ነገሩን ከእንጥሉ ቆረጡት።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ጉዳዩ እንዲህ ነው። ልጁ ለመጠየቅ መጓዝ አለበት። ለመጓዝ መጋባት አለባቸው። ለመጋባት መጠየቅ አለበት። እንዲህ ያለ አዙሪት ያየሁት መታወቂያ ላወጣ ሄጄ መታወቂያ የተጠየቅሁ ጊዜ ብቻ ነው።

ወንጪ ደርሶ መልስ ይሁን ተባለ፤ ታናሽ ወንድሟ አብሮ ይሂድ ተባለ። ቢሾፍቱ ይሁን ተባለ፤ እናትየዋ ራሳቸው ዓሣ ከበሉ ቆይተዋልና እንሂድ አሉ። እንጦጦ ተባለ፤ ብርድ ነው ተባለ። እንዲህ እያለ የፍቅር ሽርሽሩ ከአራት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ተቀንሶ፣ ተቀንሶ፣ አራት ኪሎ ላይ ቆመ።

እኔ ደስ አለኝ። ሁለቱም የአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ልጆች ናቸው። የተዋወቁትም ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚሄደው የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ዝናብ ሊጥል ሲል ተራውን ለቀቀላት። ከዚያ እሱ ዲቪ ደርሶት ሄደ፣ እሷ ተመርቃ ላቦራቶሪ ገባች፣ ስድስት ዓመት በስልክ ተያዩ። እሷ ዛሬም በሥራ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ሰልፍ ላይ ናት። ሰው ፓሪስ ሄዶ ይንበረከካል፤ የእኛው ልጅ የፈረንሳይ ታክሲ መጠበቂያ ላይ ቢንበረከክ ምን ይጎድለዋል?

ቀኑም እንዲገጥም ፈለገ። የተገናኙት ጥር 16 ነውና ጥር 16 ይሁን አለ። በዚህ እንኳ አልሳቅሁበትም፤ አደባባያችን ራሱ ቀን በማስገጠም የቆመ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ጃንሆይ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ልክ አምስት ዓመት፣ ቀን ሳያዛንፉ። ከተማዋ ግን ከጣሊያን እጅ የወጣችው ከዚያ አስቀድሞ መጋቢት 28 ነበር። ለዚህም ነው ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ወስዶት የነበረው፤ በኋላ ተመለሰ። እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። እንደ ሠርግ ካየሁት ግን ነገሩ ይገባኛል፤ ሙሽራዪቱ ቀድማ ጨርሳለች፣ ሙሽራው ወር ቆይቶ በአጀብ ይገባል፣ ሐውልቱ የሚቆመው ለገባበት ቀን ነው። ይህን ነገር ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር።

ጡረታ እስክወጣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። አራሚ ጡረታ ቢወጣም ማረም አይተውም። ልጁ «ቤተሰብ ሳይገባበት ሁለታችን ብቻ እንጨርሰዋለን» ሲለኝ ነጋሪት ጋዜጣ ያነበብኩበት ዓይኔ ቀላ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 560ን አወጣሁለት። መተጫጨት ማለት የሁለት ቤተሰብ ሰዎች የሚዋዋሉት ውል ነው ይላል። ሕጉን ያረቀቁልን ደግሞ ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸው።

«ልብ አድርግ። የፍቅር አገር ሰው መጥቶ፣ እኛን አይቶ፣ ኸረ ቤተሰብ ይግባበት አለ። አንተ የፈረንሳይ ለጋሲዮን አማች ልትሆን...»

«ተሽሮ የለም እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። የ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ያንን የመተጫጨት ምዕራፍ ትቶታል። የሚፈልገው የሁለቱን ሙሉ ፈቃድና አሥራ ስምንት ዓመት መሙላት ነው። ነገር ግን አዋጁን አንብቦ ከሽምግልና የቀረ ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሌላም ያላማረኝ ነገር ነበር። የሚላትን ሲለማመድ ሰማሁት። «ታገቢኛለሽ?» ይላል መስተዋት ፊት።

«ልጄ፣ ግሡን አስተካክል። ማግባት ከመግባት የመጣ ነው። የሚያገባ ቤት ያለው ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆመህ አንዲትን ልጅ ታገቢኛለሽ ስትላት ኮንዶሚኒየም ደርሶሻል ወይ ብለህ እንደ ጠየቅሃት ነው የሚቆጠረው።»

«ታዲያ ምን ልበላት?»

እኔም ሳስበው፣ አማርኛ ለዚህ ነገር አፍ ለአፍ የሚባል ቃል አላዘጋጀም። «ስለ ጉዳይ መጥተናል» የሚለው ለአባቷ ነው። «ልጅዎን ለልጃችን» የሚለውም ለአባቷ ነው። ለራሷ የተዘጋጀው ሎሚ ነበር፤ ጥምቀት ላይ ጎረምሳው ይወረውራል፣ ደረቷን ይመታታል፣ እሷ ብታነሣው አንሥታዋለች፣ ባታነሣው ሎሚው ነው የሚንከባለለው እንጂ የሰው ልጅ አይዋረድም። ጃን ሜዳ ከዚህ በእግር ያስኬዳል። ሐሳቡን አቀረብኩለት። «ሎሚ ብወረውርባት ትከሰኛለች» አለ። ተውኩት።

ቀለበቱ ከፒያሳ ይገዛ ማለት ግን የኔ ነው። የማውቀው ወርቅ ሠሪ የነበረበት መንገድ በ2016 ፒያሳ ስትፈርስ አብሮ ስለሄደ በስልክ አፈላልጌ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ሚዛኑንና መነጽሩን ይዞ ነው የወጣው።

«ባለ 18 ነው ባለ 21?» አለ እንደ ጥንቱ።

«አልማዝ ነው የምፈልገው» አለ ልጁ።

ወርቅ ሠሪው በመነጽሩ አናት አየውና ወደ እኔ ዞሮ «አልማዝ የማን ልጅ ናት?» አለኝ።

ነገሩን እስካስረዳ ቡና ሁለት ጊዜ መጣ። አልማዙ ከአፍሪካ ጉድጓድ ወጥቶ አሜሪካ ይሄዳል፤ ዲ ቢርስ የሚባለው ኩባንያ በ1947 እ.ኤ.አ. አልማዝ ለዘላለም ነው የሚል ማስታወቂያ ያሠራለታል፤ ከዚያ ወዲህ ያለ አልማዝ የጠየቀ ሰው ለጊዜው ብቻ የሚፈልጋት እየመሰለ ይታያል። ወርቅ ሠሪው አዳምጦ ሲያበቃ «ወርቅስ መቼ ይሻግታል?» አለ። ለባለ 18 ወርቅ ተስማማን፤ ለልጁ ደስታ ደግሞ ጤፍ የምታህል የምታበራ ድንጋይ መካከሉ ላይ ተቀመጠች።

የጣቷን ልክ ለማግኘት ልጄን ላክናት። ጓደኛዋ ናትና አንድ ቀለበቷን ለሠርግ ልዋስ ብላ አመጣችው። ለማንም እንዳትናገር አስጠነቀቅኋት። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእናቷ ብቻ ነው። ባለቤቴም ለማንም አልተናገረችም፤ ቡና ላይ ነው ያነሣችው።

ቀለበቱን ይዞ የመዞር ዕጣ ለእኔ ደረሰ። ልጁ እናቱ ኪሱን እንደምትፈትሽ ያውቃል፤ እኔን ባለቤቴ መፈተሽ ከተወች ቆይታለች። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ድረስ በኮቴ የውስጥ ኪስ ተሸክሜው ዞርኩ። የእንግሊዝ ልዑል ምን ያህል እንደ ተሠቃየ የገባኝ ያኔ ነው። በየአሥር እርምጃው ደረቴን እነካለሁ። ሁለት ሰዎች ልቤን መታየት እንዳለብኝ መከሩኝ፤ አንዱ የሚያውቀውን ሐኪም ስልክ ጻፈልኝ።

ጥምቀት ሳያልፍ ምስጢሩ ጃን ሜዳ ደርሶ ተመልሷል። ጫማዬን የሚጠርገው ልጅ «ጋሼ፣ ለጥር 16 ቡኒውን ነው ጥቁሩን የሚያደርጉት?» ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። ነገር ቀድሞ ሲወራ መጨረሻው ያስፈራኛል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ጃፓን ሲሄዱ አብረዋቸው ከተጓዙት አንዱ ልጅ አርአያ አበበ ነበሩ። ኅሩይ የጋብቻ ልማዳችን ይታደስ ብለው «የልብ አሳብ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተሙት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1923 ነው፤ ልጅ አርአያ ደግሞ እድሳቱን ራቅ አድርገው አሰቡትና ጃፓናዊት ማግባት እንደሚሹ ተሰማ። የጃፓን ጋዜጦች አራገቡት፣ ፈቃደኞች ቀረቡ፣ በ1926 የቫይካውንት ኩሮዳ ልጅ ማሳኮ ተመረጠች። ቶኪዮ አወቀ፣ ሮም አወቀ። ሠርጉ ግን ሳይሆን ቀረ። እኔ የፈራሁት ሮምን ሳይሆን የባለቤቴን ቡና አጣጪዎች ነው።

ጥር 16 ደረሰ። ልጁ አንድ ባለ ማሲንቆ አዝማሪ ተዋውሎ ከዛፍ ጀርባ አቁሞታል። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ አራት ኪሎ አግዳሚ መቀመጫ አይቸግርምና እኔ አንዱ ላይ ተሰየምኩ። ሥራዬ ቀላል ነው፤ ልጅቷ ሰልፉ ውስጥ ገብታ ልጁ ከኋላዋ ሲደርስ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ባርኔጣዬ ሲነሣ አዝማሪው ይጀምራል፣ እሷ ትዞራለች፣ እሱ ይንበረከካል፣ እኔ ሣጥኗን አቀብላለሁ። የጓደኛው ስልክ ይቀርጻል። ለመለማመድ ሁለት ጊዜ አንሥቼ አስቀምጫለሁ።

ልጅቷ መጣች። ከፊቷ ስድስት ሰው ነበር። ልጁ ከመንገዱ ማዶ አበባ እየገዛ ነው። ይህኔ ከፊት ለፊቴ፣ በትራቸውን ተመርኩዘው፣ ሰዋስው ያስተማሩኝ መምህሬ ብቅ አሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል። በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅም ነበር። እጄ ከኔ ጋር አልተማከረም። እኔ ልጅ ሳለሁ የተማረ እጅ ነውና መምህሩን ሲያይ ሽቅብ ወጣ፤ ባርኔጣዬ ተነሣ።

አዝማሪው ቀጥሎ ለቀቀው። ደግሞ ድምፅ አለው! መጀመሪያ ያወደሰው ሙሽራውን ሳይሆን እኔንና ኮቴን ነው፤ ከፋዩ እኔ መስዬው ይሆናል። ልጁ ከማዶ ሆኖ ማሲንቆውን ሲሰማ ጊዜው ያለፈበት መሰለው። አበባውን እንደ ዱላ አንግቦ መንገዱን አቋረጠና ከኋላ መምጣት እንዳለበት ረስቶ ከሰልፉ ፊት በኩል ገባ።

የአራት ኪሎ ሰው ብዙ ነገር ይታገሣል። ሰልፍ ሲጣስ ግን አይታገሥም።

«ወንድም! ሰልፍ አለ!»

«ልሳፈር አይደለም» አለ ልጁ እያለከለከ።

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው!»

ተንበረከከ።

«መንበርከክ ቀድሞ አያስገባም!» አሉ አንድ ፌስታል የያዙ ሰውዬ። ልጁ ይህን ሁሉ አልሰማም፤ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ማሲንቆው እየጮኸ፣ መኪና ጥሩምባ እየነፋ፣ ያን ያላረምኩትን ግሥ አወጣው።

«ታገቢኛለሽ?»

ከኋላ ያሉት የሰሙት «ታስገቢኛለሽ?» የሚለውን ነው።

«እንዳታስገቢው!» አለ ሰልፉ ባንድ ድምፅ።

እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ መምህሬን በአንድ እጄ፣ ደረቴን በሌላው ይዤ ስሮጥ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ቀደሙኝ። ዕለቱ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ እማማ ስመው እየተመለሱ ነበር። ወጣት ወንድ ሴት ልጅ እግር ሥር ወድቆ አዩ። እኛ አገር እንዲህ ያለው ሰው ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። በድሏል። ደም ቢሆን ድንጋይ አንገቱ ላይ ያደርግ ነበር፤ ድንጋይ ከሌለ ነገሩ መለስተኛ ነው።

«ማሪው ልጄ፣ ማሪው!» አሉ ክንዷን ይዘው። «ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። በሷ ቀን ምሕረት አይከለከልም። ምንስ ቢያደርግሽ፣ ይኸው ሰው ፊት ወደቀልሽ አይደል?»

«እማማ፣ ምንም አላደረገኝም» አለች ልጅቷ።

«ተይ፣ ለባዳ አልነግርም ብለሽ ነው። ጠጥቶ ነው? ሌላ ይዞ ነው?»

«እውነቴን ነው። ሊያገባኝ ነው።»

እማማ ክንዷን ለቀቁ። ልጁን ከጫማው እስከ ጠጉሩ አዩት። ሰልፉ ጸጥ አለ፤ አዝማሪው ሳይቀር ክሩን ያዘ።

«እና ለዚህ ነው የሚንበረከከው? እናት አባት የለውም? ሽማግሌ የሚልክ ዘመድ አጥቶ ነው?» አሉና ድምፃቸው ራርቶ «አይ የሙት ልጅ!» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ አሥር ብር ፈትተው እፊቱ አስቀመጡለት።

ቪዲዮው ላይ ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ አይታይም፤ የሚቀርጸው ልጅ በሳቅ እጁ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አልጫነችም። ጥርሷን አላመማትም። «እሺ ብያለሁ፤ ተነሥ በቃ፣ ሱሪህ አዲስ ነው» ስትለው ይሰማል። እሱ ባዶ መዳፉን ዘርግቶ «ጋሼ! ቀለበት!» ሲል ይሰማል። እኔም ከመምህሬ ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ሣጥኗን ሳቀብል፣ ባርኔጣዬ ወድቆ፣ ራሰ በራዬ ከኮሪደሩ መብራት ጋር ሲፎካከር ይታያል። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ልክክ አለ። ያ ሰልፍ፣ ያ «እንዳታስገቢው» ያለ ሰልፍ፣ እልልታውን አቀለጠው። ታክሲው ሲመጣ ፌስታል የያዙት ሰውዬ በሩን ይዘው «ሙሽሮቹ ይቅደሙ፣ ጋቢና!» አሉ። እማማ አሥር ብራቸውን መልሰው አነሡ፤ ትክክል ነበሩ።

ልጅቷ ከመግባቷ በፊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ አይዘኑ፤ ቆንጆ ነበር። ደግሞ ልኩ እንዳይሳሳት ብዬ ለልጅዎ የቀለበት ጣቴን ቀለበት መርጬ የሰጠኋት እኔው ነኝ።»

ቀለበት ተሸክሜ የዞርኩባቸው አሥራ ዘጠኝ ቀናት ባንድ ጊዜ ደረቴ ላይ ተቀመጡ።

ማታ እህቴ ቪዲዮውን አየች። ልጇ ለሰው ልጅ ሲንበረከክ ዝም ብላ ተመለከተችና «እኔ ተንበርክኬ ወለል ስወለውል ያሳደግሁት አይደለም?» አለች። ይህን ካለች በኋላ ግን ሦስት ሽማግሌ እንድሰበስብ አዘዘችኝ። በእሷ ቤት እስካሁን የተደረገ ነገር የለም። አንዱ እኔ፣ ሁለተኛው የሰፈራችን አንድ መሪጌታ፣ ሦስተኛው ባርኔጣዬን ያስነሡኝ መምህሬ ሆኑ፤ ነገሩን እሳቸው ጀምረውታልና ይጨርሱት ብዬ ነው።

እሑድ ማለዳ ጋቢያችንን ደርበን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወጣን። እንደ ደንቡ «ቁጭ በሉ» ተባልን፣ እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን። የልጅቷ አባት ፊታቸውን አጨፍግገው ተቀበሉን። መምህሬ የሰዋስው ሰው ናቸውና ግሡን አሳምረው «ልጅዎን ለልጃችን ስጡን» አሉ።

«ልጃችሁ ማን ነው?» አሉ አባትየው። «እኛ የምናውቀው ልጅ የለም። ዘሩስ? ሥራውስ? ልጃችንስ ታውቀዋለች?»

ይህን ሲሉ ከጓዳ ማሲንቆ ተሰማ። ቀጥሎ የመኪና ጥሩምባ። ቀጥሎ የብዙ ሰው ድምፅ ባንድ ላይ «እንዳታስገቢው!» አለ፤ የሕፃናት ሳቅ ተከተለ። አንዱ «ድገመው፣ እሱጋ ድገመው!» ይላል። አባትየው አልሰሙም። እኛም አልሰማንም። መምህሬማ እውነትም አይሰሙም።

«እንግዲህ» አሉ አባትየው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ነገሩ ድንገተኛ ሆኖብናል። ዘመድ መጠየቅ አለብን፣ ልጅቷንም ማማከር አለብን። በሳምንቱ ተመለሱ።»

እጅ ነሥተን ወጣን። እናትየዋ ግቢው በር ድረስ ሸኙን። እጃቸውን ሳይጨብጡን ክንዳቸውን ነው የሰጡን፤ መዳፋቸው ርሷል፣ ጥፍራቸው ሥር አረንጓዴ ነገር አለ። በሩ ሲዘጋ መምህሬ በትራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። አልሰማም የሚሉት ጆሯቸው ነው እንጂ አፍንጫቸው ደህና ነው።

«ጌሾ አይሸትህም?» አሉኝ።